የእትዬ ውድነሽ ግራ ክንድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ የሆስፒታሉ ኃላፊ ስለ ትጋቴ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ከዚያ ወጣቶቹ ባለሙያዎች ክብ ሠርተው ያጨበጭቡ ጀመር። «እትዬ ፋንታዬ፣ እስክስታ ሳይወርዱልንማ ከዚህ በር አይወጡም!» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በትከሻዬ እንጀራ የበላሁ ሴት፣ ያን ቀን «ጉልበቴን አሞኛል» ብዬ ዋሸሁ። ሳቁና ተዉኝ። መዋሸት ለእኔ አዲስ አይደለም። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁትም ስለ አንድ ውሸቴ ነው፤ ሌላውን የማወራችሁ እሱ ጋ እስክደርስ ነው።

ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር አረጀሁ። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ምኞቱ ልጁ ነርስ እንድትሆንለት ነው። እኔ ደግሞ ከበሮ ከሰማሁ አያስችለኝም። ገና በልጅነቴ ኪነት ገባሁ። የጎጃሙን፣ የጎንደሩን፣ የአገዉን ጭፈራ በየመድረኩ ስወዛወዝ ኖርሁና ቡድኑ ሲበተን ባዶ እጄን ቀረሁ። አባቴ «እንግዲህ ትከሻሽን ብይ!» አለኝ። በስንት ደጅ ጥናት ከሐይቁ ዳር አንድ ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘሁ።

ጋሽ ይርሳውን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። እሳቸውም የኪነት ሰው፣ ከበሮ መቺ ነበሩ። ቡድናቸው ሲበተን ሆስፒታል ገብተው ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎቹ ረዳት ሆኑ። በልምምድ አልነሳ ያለ እጅ ዘፈን ሲሰማ ሲነሳ አዩና ያችኑ ነገር ይዘው ቀሩ። በውዝዋዜና በእንቅስቃሴ ማከም የሚባል፣ በውጭ አገር ዲግሪ የሚሰጥበት ሙያ እንዳለ የሰማነው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እኛ «የከበሮ ክፍል» ነበር የምንለው።

አንድ ቀን ወለል ስወለውል አንድ ሽማግሌ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደንገል ታንኳ ጣና ላይ የቀዘፉ ሰው ናቸው። የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ይዟቸው፣ ከበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው እንደ ተቸነከረ ቀረ። ልጃቸው ቢጎትታቸው፣ ቢገፋቸው፣ ወይ ፍንክች! ጋሽ ይርሳው «ተዋቸው» አሉት ልጅየውን። አጠገባቸው ቆሙና መቅዘፊያ እንደያዘ ሰው ወገባቸውን ግራና ቀኝ እያዘነበሉ፣ ጭናቸውን በመዳፋቸው እየመቱ፣ «ሆ... ሆ...» ይሉ ጀመር። መጀመሪያ የሽማግሌው ወገብ ተነቃነቀ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው፤ ቀጥሎ እግራቸው ደፉን ተሻገረ። እኔ መወልወያዬን ይዤ አለቀስሁ። ጋሽ ይርሳው ዞር ብለው «አንቺ፣ ቆመሽ ከምታለቅሽ ነይና በዚያ በኩል ያዢልኝ» አሉኝ። በዚያው ቀረሁ።

የሥራ መደቤ እስከ መጨረሻው «ረዳት» ነበር። በመንግሥት መዝገብ ላይ እስክስታ አስወራጅ የሚል መደብ የለማ! ደመወዙን ተዉት። አለቆች ሲመጡ ሲሄዱ አየሁ። አንዱ ዶክተር በተለይ አይረሳኝም፤ በመጣ በሳምንቱ በሩን በርግዶ ገባና «ይሄ ሆስፒታል ነው ወይስ የሠርግ ዳስ?» አለ። ጋሽ ይርሳው ከበሮውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው መምታት ቀጠሉ። ዶክተሩ እስኪዛወር ድረስ ከበሮው ብርድ ልብሱን ለብሶ ኖረ። ይሁን እንጂ ያቃቱትን በሽተኞች አንድ በአንድ ወደ እኛ ይልክ ነበር፤ ከማዘዣ ወረቀቱ ላይ «ድምፅ ቀንሱ» ብሎ ይጽፍበታል።

የጋሽ ይርሳው አመል ብዙ ነው። ጫማቸውን ከበር ውጭ ሳያወልቁ ክፍሉ አይገቡም። በሽተኛ ሲመጣ ካርዱን ከማየታቸው በፊት ከባጃጅ ሲወርድ በመስኮት ያዩታል። የትኛው እግር ቀደመ? ማን ላይ ተደገፈ? ትንፋሹን የት ላይ ያዘ? «የታመመውን ዶክተሩ ይፈልገው፤ አንቺ ደህናውን ፈልጊ» ይሉኝ ነበር። ጣቱን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው ቢመጣ በጣቱ ያስጨፍሩታል። የደከመ ክንድ ጎትቶ ማንሳት በእሳቸው ዘንድ ኃጢአት ነው፤ ትከሻው ይወልቃላ። ክንዱን ከሥር ደግፈሽ፣ መዳፍሽን ከኋላ ከትከሻው አጥንት፣ ከብራኳው ላይ አሳርፈሽ፣ ትንፋሹን ትጠብቂያለሽ። ሰው አየር ሲስብ ትከሻው ሳያውቀው ትንሽ ከፍ ይላል፤ እሷን ትንሽ ከፍታ ይዘሽ እያባበልሽ፣ ከከበሮው ጋር እያስማማሽ፣ ደህናው ትከሻ ሲወርድ የታመመው እንዲከተለው ታደርጊያለሽ። አንዳንዱ ላይ ሳምንት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ላይ መንፈቅ።

ከበሮው ከመነካቱ በፊት ደግሞ «ዛሬ ምን ይዘው መጡ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የቤቱን፣ የልቡን ማለታቸው ነው። ከዚያ እሳቸውም የራሳቸውን ይናገራሉ፤ ከሚስታቸው ተጣልተው ያደሩ እንደሆነ እሱኑ። ስንጨፍር ሁልጊዜም ከበሽተኛው ፊት ለፊት ነው የምንቆመው። «እስክስታ ዓይን ለዓይን ነው» ይሉኝ ነበር። «ዓይኑን ማየት ያቃተሽ ዕለት ከበሮሽን አስቀምጪ፣ ፋንትሽ።»

የደስ ደስ ያላቸው ቀኖችም ነበሩ። አንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ፣ ሐዘን የጫነው፣ ማንንም የማያናግር ልጅ ሰጡኝ። ሐይቁ ዳር ይዤው ወጣሁ። አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አንገቴን ደፋሁ፤ እግሩን ሲጎትት ጎተትሁ። እንዲህ ስንመላለስ ሰነበትንና አንድ ቀን ድንገት ቆሞ «ግን እያላገጡብኝ ነው አይደል?» አለኝ። «ኧረ በስማም!» ስል ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነው ወሬ የጀመረው። እንዲህ ያለውን እያየሁ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ አበጠ። ጋሽ ይርሳው ጡረታ ወጥተው ክፍሉ በእጄ ሲገባማ ጭራሽ የማይሳነኝ መሰለኝ።

እትዬ ውድነሽ የመጡት ያኔ ነው። የይፋግ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ሩዝ እያሳረሱ ሁለት ልጅ ያሳደጉ። አንድ ጧት ማሳው ላይ ግራ ጎናቸው ከዳቸው። ስትሮክ ነው። ትልቋ ልጃቸው እናኑ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር ቤት ተከራይታ ለተማሪዎች ምግብ ትሸጣለች፤ እሷ ዘንድ አርፈው በሳምንት ሦስት ቀን ወደ እኛ መመላለስ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ቀን «ዛሬ ምን ይዘው መጡ?» ብላቸው፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ጠመም እያለ ሳቁ። «ሠርግ ይዤ መጣሁ» አሉኝ። ታናሹ ልጃቸው አንተነህ በጥር ሊያገባ ነው። «የልጄ ሠርግ ላይ በአንድ ትከሻ ልወዛወዝ? ሰው ምን ይለኛል! ይችን አንሺልኝ፣ ልጄ፤ ሌላ አልልሽም።»

«በጥርማ በሁለቱም ነው የሚወርዱት!» አልኋቸው። አፌ!

እንደሳቸው ያለ በሽተኛ አይቼ አላውቅም። ሰነፍ ቀን የላቸውም። ሲደክማቸው ክንዳቸውን እንደ ልጅ ይቆጡታል፤ «አንተ ለምኔ! ሠርገኛው መጣ እኮ፣ ተነሥ!» ይሉታል። አንተነህ ራሱ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ረጅም፣ ዓይነ አፋር ልጅ፤ ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። እናቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ የግራ መዳፋቸውን ሳመና «እማ፣ ሙሽራዋ መጀመሪያ ከአንቺ ጋር ነው የምትወርደው፤ ተናግሬያለሁ» አላቸው። እትዬ ውድነሽ ቀኑን ሙሉ ያችን ቃል ሲደጋግሙ ዋሉ። ክንዳቸው እስከ ደረት፣ ከዚያ እስከ ትከሻ መድረስ ጀመረ። ኃላፊዎቹም ወሬውን ሰምተው «እንግዳ ስናመጣ እሳቸውን ታሳዪልናለሽ» አሉኝ።

አንድ ማክሰኞ ጧት እናኑ ደወለች። ድምፅዋ አልለይ አለኝ። «እትዬ ፋንታዬ፣ ይፋግ ነኝ። አንተነህን... ትናንት መኪናው ተገልብጦ... ዛሬ ልንቀብረው ነው። እማዬን ጎረቤት ታመጣልሻለች። በማርያም፣ እንዳትሰማ!»

ከእኛ ጋር የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። እስኪበረታ ይጠበቃል፤ ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ጧት ማልዶ ያረዳል። እኔም በዚያው ያደግሁ ነኝና «እሺ» አልኋት። ስልኩን ዘግቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ፤ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። እትዬ ውድነሽ ደርሰው፣ ከበሮውን በቀኝ እጃቸው እየነካኩ ይጠብቁኛል።

ያን ቀን ምን እንደነካቸው እንጃ። ገና ሁለተኛው ምት ላይ ግራ ክንዳቸው ከትከሻ አለፈ፤ ከጆሮ አለፈ፤ ከራሳቸው በላይ ወጥቶ ቆመ። ለዚያች አፍታ ሁሉን ረሳሁት። ከልቤ፣ ከአንጀቴ «እልልልል!» አልሁ። ነርሶቹ ሁሉ በሩ ላይ መጥተው አብረውኝ እልል አሉ። ያችን ልቅሶ ቤት ያስረሳችኝን ደስታ ዛሬም ሳስባት እፈራታለሁ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጋሽ ይርሳው ቤት ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ከዚያ «ከበሮውን አቁሚ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አሁን ነው እኮ የሚነሳው! አሁን ከተቋረጠ ይደርቃል።»

«እጇን እሺላት፣ ዘርጊላት፣ ማን ከለከለሽ። መርዶውን የመንገር ሥልጣንም የአንቺ አይደለም፤ የዘመድ ነው። ግን አታስጨፍሪያት። መርዶ ያልሰማ ሰው እሱ አያውቀው እንጂ ልቅሶ ላይ ነው። ኋላ ሲሰማ ወደ ኋላ ይቆጥራል።»

አልሰማኋቸውም። አርጅተዋል፣ ልባቸው ባብቷል ብዬ አሰብሁ። ለክንዱ ተቆርቁሬ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። እንግዳ ሲመጣ የማሳየው እንዳላጣ መስገብገቤም እውነት ነው። ሁለቱንም እዚህ ጽፌዋለሁ።

ሦስት ሳምንት አስጨፈርኋቸው። እናቷን ጎረቤት ታመላልሳለች፤ እናኑ ከይፋግ ተመልሳ ከሥራዋ ልታያት ስትመጣ ጥቁሯን በር ላይ ታወልቃለች፤ በፌስታል አድርጋ ለጥበቃው ሰጥታ፣ ቢጫ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ትገባለች። ለብቻዋ ስትወጣ ጥቁሯን ትለብሳለች። ለእናቷ «አንተነህ ለሥራ መተማ ሄዷል፤ ኔትወርክ የለም» ተብሏል። እኔም «ዛሬ ምን ይዘው መጡ?» ማለቱን ተውሁት። ፊት ለፊት መቆሙንም ተውሁት፤ «ክንዱን ልደግፍ» እያልሁ ከጎናቸው፣ ከኋላቸው ሆንሁ። እትዬ ውድነሽ አንድ ቀን ዞር ብለው «ምነው ዛሬ ዛሬ ሸሸሽኝ? ተቀየምሽኝ እንዴ?» አሉኝ። «ኧረ ምን በወጣዎ!» ብዬ ከበሮውን ጠበቅ አደረግሁት።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የእትዬ ውድነሽ ወንድም አያ ሞላ ከይፋግ መጡና ጠየቁኝ። «እንዴት ናት? ትችለዋለች?» አሉኝ። ሁለቱም ትከሻ እኩል እየወረደ ነው፤ ፊታቸውም ተቃንቷል። «በርትተዋል፤ ይችሉታል» አልሁ። ይረዱ የተባለው በእኔ ቃል ነው።

ጎሕ ሲቀድ የእናኑ ቤት ደጃፍ ላይ ተሰበሰብን። ራሳቸውን የሳቱ እንደሆነ ብለው እኔንም ጠርተውኛል። አያ ሞላ ቀድመው ገቡ። እትዬ ውድነሽ ከመኝታቸው ቀና ብለው ሰዉን ሲያዩ ገባቸው፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው በጧት የሚመጣ ዘመድ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። «ማነው?» ብቻ አሉ። ተነገራቸው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ እናኑ መሬት ወደቀች። እሳቸው ግን አልጮኹም።

«መቼ?» አሉ።

አያ ሞላ የሞተበትንም የተቀበረበትንም ቀን ነገሯቸው። እትዬ ውድነሽ በግራ እጃቸው ጣት፣ እኔ ባዳንሁት እጅ፣ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመሩ። ማክሰኞ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዓይናቸው በሰዉ መሃል ፈልጎ አገኘኝ።

«ፋንታዬ፣ እጄን ከራሴ በላይ ያነሳሁት ማክሰኞ ነበር አይደል? እልል ያልሽልኝ?»

«አዎ» አልሁ።

«ታውቂ ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እዚያች ላይ እንኳን ልዋሽ ነበር፤ አፌ ተከፍቶ ነበር። «አውቅ ነበር» አልሁ።

«ልጄ አፈር ሲለብስ እልል አልሽልኝ» አሉ። ጮክ አላሉም። ከዚያ ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና ደረታቸውን በቀኛቸው ብቻ መምታት ጀመሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ እንደሚያቃጥል የነገረኝ የለም።

ያ ክንድ ከዚያ ጧት በኋላ አልተነሳም። በእናኑ ልመና አንድ ዶክተር መረመራቸው፤ አዲስ የተመታ ነገር የለም፣ ደሙም ነርቩም እንደነበረ ነው አለ። እሳቸው ወደ እኛ ክፍል ድርሽ አላሉም። ልቅሶው ላይ ሴቶቹ «በዚያን ሰሞን ስትጨፍር ነበር አሉ» እያሉ ሲንሾካሾኩ ጆሮዬ ሰማ። ሳያውቁ ነው ብዬ ልከላከል ብነሳ ማን ሊሰማኝ? ያስጨፈርሁት እኔ!

ሽማግሌ ላክሁ። «ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም» ብለው ለመኑልኝ። እትዬ ውድነሽ አንገታቸውን ደፍተው አዳምጠው፣ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሸኟቸው። መልስ ግን አልሰጡም። ጋሽ ይርሳውም በዚያው ዓመት አረፉ። «ነግሬሽ ነበር» አላሉኝም፤ ባሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ብዙ ሰው አስነሳሁ፤ ሥራ ነውና። በተረፈ ክፍሉን ሳስረክብ ለተተኩት ልጆች የነገርኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤተሰብ ደብቁልን ሲላችሁ ደብቁ፣ ግን ከበሮ አትምቱ አልኋቸው። አንዷ በደብተሯ ጻፈችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

አሁን ጊዜ አለኝ። ረቡዕ ረቡዕ ፔዳ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ደጁ ላይ ቆሜ ተመለስሁ፤ ሌላ ጊዜ እናኑ አስገባችኝ፤ ኋላ እሳቸውም ዝም አሉኝ። እጃቸው ተጨብጦ ቀርቷል። ጥፍራቸው መዳፋቸውን እየወጋ ሲያቆስላቸው አየሁና፣ ለብ ያለ ውሃ አስመጥቼ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሸሁ መክፈት፣ ጥፍራቸውን መቁረጥ ጀመርሁ። አልከለከሉኝም። ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ስለዚያ ነገር ቃል ወጥቶን አያውቅም ነበር።

ባለፈው ረቡዕ አላስችል አለኝ። እጃቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ «እትዬ ውድነሽ፣ እኔም እያረጀሁ ነው። ሳልሞት ይቅር ይበሉኝ» አልሁና እንባዬ ቀደመኝ።

ገርሟቸው አዩኝ። «ይቅር ካልሁሽ ቆየሁ እኮ» አሉኝ። «የሙት ዓመቱ ዕለት ቅዳሴ ላይ ነው ይቅር ያልሁሽ። ለክፋት እንዳላደረግሽው አጣሁት እንዴ?»

«ታዲያ ምነው... ይህ ክንድ?»

«እሱማ በአንቺ ቂም ነው የቀረ መሰለሽ?» አሉ። እጃቸውን ከውሃው ውስጥ በቀኛቸው አንሥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ክንዴን ስንቴ ለመንሁት መሰለሽ። እናኑ ስትወልድ፣ ልጁን ልቀፍበት ብዬ ለመንሁት። እኔ ይቅር አልሁሽ፣ ልጄ። እሱ ነው እምቢ ያለኝ።»

ፎጣውን አንሥቼ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አደረቅሁላቸው።